ቻላቸው የማለ ዕለት

ከፈረስ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ገብስና ድንች የሚያርሰው ቻላቸው በአገሩ የሚታወቀው መሐላ በመፍራት ነበር። ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶ ጥሩውን መሬት ሲወስድበት ሽማግሌዎቹ «ማልና ውሰድ» አሉት። መሬቱ የእሱ ለመሆኑ አገር ምስክር ነው። እሱ ግን «እውነት ቢሆንም አልምልም። መሐላ ዘር ያጠፋል፤ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት» ብሎ መሬቱን ለቀቀ። በግ ከበረረ፣ ሞኝ ካመረረ መመለሻ የለውም ብለው ሳቁበት።

ያቺ አንዲት ልጅ ያምሮት ናት። እናቷ አልጣሽ አራስነቷን ሳትጨርስ ሞተች። ወንድ ብቻውን ጡት ያልጣለች ልጅ ይዞ ምን ይሆናል? ደረሰ የሚባለው የአልጣሽ ወንድም ከሚስቱ ከሲሳይነሽ ጋር ከጅጋ ከተማ መጥቶ ታቅፎ ወሰዳት። ደረሰ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው፣ ልጅ ግን እግዜር ያልሰጠው ሰው ነው። ትምህርት ቤት ሲያስገባት የአባት ስም ቢጠይቁት «ደረሰ» አለ። አሳዳጊ ልጅ በስሙ ቢያስመዘግብ በዚያ አገር ማንም በክፉ አያየውም፤ ቻላቸውም ሰምቶ «ያሳደገ አባት ነው፤ ይገባዋል» ብሏል። በገበያ ቀን ቅቤና ማር ይዞ ጅጋ ይወርዳል፤ እሷም ትምህርት ሲዘጋ እሱ ዘንድ ትከርማለች። ሁለቱንም «አባባ» ትላለች። እንዲህ ሆነው ያለ ችግር ኖሩ።

ችግሩ የመጣው በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ያምሮት ቡሬ ኮሌጅ ገብታ ግብርና ስትማር፣ እስራኤል አገር ሄደው አንድ ዓመት እርሻ ላይ እየሠሩ እንዲማሩ ከተመረጡት አንዷ ሆነች። ቻላቸው ሲሰማ «ኢየሩሳሌምን ልትሳለምልኝ ነው!» ብሎ አለቀሰ።

«ቲማቲም ልለቅም ነው እኮ አባባ» አለችው እየሳቀች።

«ይሁን፤ ቲማቲሙም እዚያው ነው ያለ።»

የጤና ምርመራው አለቀ። የፖሊስ ማስረጃው አለቀ። ኮሌጁም የድጋፍ ደብዳቤውን ጻፈ። የቀረው ፓስፖርቱ ነው፤ ፓስፖርት ደግሞ የልደት ማስረጃ ይፈልጋል፤ የልደት ማስረጃ የሚሰጠው የተወለደችበት ቀበሌ ነው። ቀበሌው የቻላቸውን ልጅ እንጂ የደረሰን ልጅ አያውቅም። የትምህርቷ ወረቀት ሁሉ «ያምሮት ደረሰ» ይላል። ስሙን ላስቀይር ብትል ጊዜ ይፈጃል፤ ጉዲፈቻ ይጽደቅ ቢባልም እንደዚያው፤ የጉዞው ቀን ደግሞ ደርሷል። የቀበሌው ጸሐፊ መላ ያለውን ነገር ተናገረ። ቻላቸው በማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ፊት «ልጄ አይደለችም» ብሎ ይማል፤ ማስረጃው በደረሰ ስም ይሰጣል። ለጸሐፊው ነገሩ ይኸው ነበር።

ደረሰ ይህን ለቻላቸው ለመናገር አፈረ። ስለዚህ ያምሮት ራሷ ወደ አባቷ ቤት ወጥታ ነገረችው።

«አባባ፣ እርስዎ አንዲት ቃል ቢሉልኝ ይበቃል። ለወረቀት ነው እንጂ ማን ያምነዋል?»

«ለወረቀት ከሆነ ለምን ያስምሉኛል?»

«እንግዲያ ካልማሉልኝ ቀረሁ» ብላ እንባዋን አወረደችው።

የልጅ እንባ ክፉ ነው። ቻላቸው የነፍስ አባቱ ቄስ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄደ። «እግዜር የልብን ያያል፤ ንስሐም አለ» አሉት። «ንስሐው ለእኔ ነው፤ እርግማኑ በማን ላይ ያርፋል?» ቢላቸው መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱት።

ማለ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ አልጣሽን አብሮት የቀበረ ሰው ነበር። ቻላቸው መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጁን ጭኖ «ያምሮት የእኔ ልጅ አይደለችም፤ የደረሰ ናት። ሐሰት ብናገር ዘሬን ያጥፋው» አለ። ዳኞቹ መሬት መሬት እያዩ ፈረሙ። ማስረጃው ተሰጠ፤ ፓስፖርቱ ወጣ፤ ቪዛውም ተመታ።

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ ይረሳው ነበር። ቻላቸው ግን ገብሱ መሃል ቁጭ ብሎ አሰበ፤ አስቦም የባሰውን አመጣ። መሐላው ሐሰት ከሆነ ዘሩ ይጠፋል፤ ዘሩ ደግሞ እሷው ናት። እንግዲህ ልጅቱ እንድትተርፍ መሐላው እውነት መሆን አለበት፤ እውነት የሚሆነውም እሱ አባትነቱን ከልቡ ሲተው ነው። ጅጋ መውረዱን ተወ። ስለ ልጁ ሲጠይቁት «የደረሰ ልጅ ደህና ናት» ይላል። የሚያናድደው ይህን ለማንም አለመናገሩ ነው፤ ለእሷ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷ ተቀይመውኛል ብላ ስትብሰለሰል ከረመች።

በምትሄድበት ዕለት አጎቷ ደረሰ ሰው ልኮ ቻላቸውን አስጠራው። ቻላቸው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ መጣ፤ ግን ከሸኚዎቹ ራቅ ብሎ ቆመ። ሲሳይነሽ የስንቁን በሶ እየቋጠረች ነበር። ያምሮት ስታየው ሁሉንም ትታ ሮጠችና ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ይመርቁኝና ልሂድ።»

ወደ ኋላ ሸሸ። «ምርቃት የአባት ነው። አባትሽ ያው እዚያ ቆሟል፤ ሂጂ።»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያስማልሁዎ እኔ ነኝ…»

እጁ ሊያቅፋት ተነሥቶ ነበር፤ መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተው። ፊቱንም አዞረባት።

እያለቀሰች ተመልሳ ደረሰ እግር ላይ ተንበረከከች። ደረሰም ራሷ ላይ እጁን ጭኖ መረቃት። «እንቅፋት አይምታሽ፤ እሾህ አይውጋሽ። በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ። ወጥተሽ ግቢ፣ ልጄ።»

ሸኚው «አሜን» አለ። ቻላቸውም ከሁሉ ኋላ ሆኖ፣ ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» አለ። አሜን ለማለት አባት መሆን አያስፈልግም፤ አላፊ አግዳሚም ይለዋል። ያምሮት ዓይኗን ጠርጋ ወደ እሱ ሳትዞር አውቶቡሱ ላይ ወጣች።