የጋሼ ሳንባ እና ለአሥር የሚካፈለው ወሬዬ

ታላቅ ወንድሜ የእኔን ወሬ ለአሥር አካፍሎ ነው የሚሰማው። አንድ ክረምት የደብረ ብርሃን ብርድ ከመጥናቱ የተነሣ ጅብ በራችንን አንኳኩቶ ጋቢ ተዋሰን ብዬ ባወራ፣ «ለአሥር ሲካፈል የጎረቤት ድመት ናት» ብሎ ወሬዬን ገደለው።

ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። የመኪናውን ጭስ ከሲጋራው ጭስ የሚለይ ትራፊክ ገና አልተወለደም።

ሳሉ ሲጀምረው ሁላችንም ብርድ ነው አልን። እኛ ዘንድ ጥፋተኛ ሲጠፋ ብርድ ይከሰሳል። ነጭ ሽንኩርት በማር ተሞከረ፤ ፌጦም ተሞከረ። ሳሉ ግን ባሰበት። አንኮበር ላይ ሲያስል አልዩ አምባ ገበያ ያሉት ግመሎች በሙሉ ደነበሩ። (ለአሥር አካፍሉት፤ ሁለት ግመል ይተርፋችኋል።)

በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰድነው። አክታው ተመረመረ፤ ቲቢ አይደለም። ራጅ ተነሣ፤ ቀኝ ሳንባው ላይ ነጭ ነጥብ ታየች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ደጋግሞ አየው። ሐኪም ደጋግሞ ሲያይ ቤተሰብ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሁላችንም ጠረግን።

አዲስ አበባ ላከን። እዚያ ሲቲ ስካን የሚሉት ማሽን ጋሼን ሳይነካው እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርጦ አሳየ። በምስሉ እየተመሩም በጎድኖቹ መሐል ረጅም መርፌ አስገብተው ከነጥቧ ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ። ናሙናው ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ሆኖ ሥጋ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ እንዳደርሰው ተሰጠኝ። ታክሲ ውስጥ የጋሼ ባለቤት ከነጠላዋ ሥር ጠበል አወጣች።

«ሁለት ጠብታ ብቻ ጣል አድርግበት።»

«እትዬ፣ ፈሳሹ ከተበረዘ ሥጋው ይበላሻል።»

«ጠበል ሊያበላሽ? አንተ ከሀዲ!»

«ጠበሉ ለጋሼ፣ ብልቃጡ ለማይክሮስኮፕ!» ብዬ እስክንደርስ ድረስ እንደ ጫጩት ብብቴ ሥር ሸሸግኩት።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ። ሐኪሙ ግን፣ «ምንነቱን አወቅን፤ አሁን የት እንደ ደረሰ እንይ» አለን። ከቤቱ አልወጣም? ጎረቤት ገብቷል? አገር አቋርጧል? አንጎሉ፣ ጉበቱ፣ አጥንቱ በምስል ታየ። በሳንባዎቹ መካከል ካሉት ንፍፊቶችም ናሙና ተወሰደ። ከቤቱ አልወጣም። ደረጃው የመጀመሪያው ነው፤ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል፣ ሳይውል ሳያድር ከሆነ።

በእኛ ደንብ ደግሞ ክፉ ወሬ መጨረሻ የሚሰማው ባለጉዳዩ ነው። ለጋሼ እስከዚያ የተነገረው «ለማጣራት ነው» ብቻ ነበር። ዘመድ ተሰበሰበ።

«ካንሰር ካልነው በድንጋጤ ይሞታል» አሉ አጎቴ። «ሳንባ ምች ነው በለው። በዘራችን ከአንተ የተሻለ ውሸታም የለም።»

ዕድሜ ልኬን በነፃ የሠራሁበት ሙያ ሹመት አስገኘልኝ።

ጋሼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት።

«ሳንባ ምች ነው ጋሼ። ደረትህን ከፈት አድርገው...»

«ለሳንባ ምች ደረት ይከፈታል? መርፌዬን ልወጋና ወደ መሪዬ ልመለስ!» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ።

አመነኝ። ውሸቴ የሠራ ቀን ወንድሜን ሊገድልብኝ ነው።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል። ካንሰር ነው።»

ሳቀ። «ለአሥር ሲካፈል ጉንፋን።»

«የባቄላ ፍሬ ታክላለች። ቀኝ ሳንባህ ላይ ናት፤ ሌላ ቦታ አልሄደችም። አሁን ካወጧት የመዳን ተስፋህ ጥሩ ነው። ከቆየህ ትሄዳለች።»

ቀሪውን ጠበቀ። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጅብ የለበትም?»

«የለበትም።»

ፊቱ ተለወጠ። ቁልፉን ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው።

«አንተ ባቄላን ባቄላ ካልክ» አለ፣ «ነገሩ የምር ነው።»

የስምምነት ቅጹን ፈረመ። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፉት እጄን ያዘኝ።

«እስኪ አሁን በለመድከው ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ዕጢህ የአንኮበርን ተራራ ያህላል። ሐኪሞቹ ለመጫን መኪናህን ተውሰዋል።»

«እንዳይቧጭሩብኝ በላቸው» አለና በሩ ተዘጋ።

የወጣው ሥጋ ዳግመኛ ተመርምሮ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ካንሰሩ አልደረሰበትም ተባለ። ለክትትል ይመላለሳል፤ ሲጋራውን ትቶ ቂሙን በእኔ ላይ ይወጣል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እጆቹን ዘርግቶ፣ «ዱባ! የደነባ ሰው ሁሉ የሚጠግበው ዱባ!» ይላል።

«ኧረ ባቄላ ነበረች» እላለሁ እኔ።

ጠያቂው እኔን አይቶ ይስቃል፣ ወደ ጋሼ ዞሮም፣ «እውነት ዱባ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።