ዶክተሯ ጸበል የወረደች ጊዜ

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሰብስቦን «በሙያችሁ ተሰሚ ሁኑ» እያለ ሲያደርቀን ዋለ። ፎቶ እንዴት እንደምንነሳ፣ ፌስቡክ ላይ መቼ መቼ እንደምንጽፍ፣ ምኑ ቅጡ! እኔ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ሳስታምም ነው። ተሰሚ ሰው ማየት ከፈለግህ የኛን ዶክተር ባየሃት አልኩ በልቤ።

ዶክተሯ ስትናገር ጠጋ ካላሉ አትሰማም፤ ድምፅ የሚባል አልፈጠረባትም። ዛሬ ግን ከቆላው ከሳንጃ ጀምሮ እስከኛ ድረስ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ነገር ሲጠጥርባቸው የሚደውሉት ለሷ ነው። እዚህ የደረሰችው የአንድ ጸበል ወሬ በየጤና ጣቢያው ተዳርሶ ነው፤ ያየሁትም እኔ ነኝ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ በሽተኞቻችን ኪኒናቸውን እያቋረጡ ጸበል ይሄዱ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የነሷት ከትክል ድንጋይ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። አንዴ አቋርጠው በሽታው አገርሽቶባቸዋል፤ አሁንም ከደገሙት ኪኒኑ ጨርሶ ላይሠራላቸው ይችላል። እሳቸው ግን በየጠዋቱ ሆስፒታል መጥተው እፊታችን የሚውጡትን ኪኒን ትተው ጠፉ።

ስብሰባ ላይ ሐኪሞቹ «ለካህናቱ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ይከልክሉልን» አሉ። እሷ «መጀመሪያ ሄጄ ልየው» ስትል ሳቁባት። አንዱማ «ዶክተር፣ ቆብ እንግዛልሽ?» አላት። ንድድ ነው ያልኩት! እሷ ፈገግ ብላ አለፈችው።

በማግሥቱ ማልዳ ይዛኝ ወጣች። ጸበሉ ደጋ ላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። «ሐኪም ነኝ» ብላ የምትቀድም መስሎኝ ነበር። ወይ ፍንክች! ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። እኔም ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ እያጉረመረምኩ ከኋላዋ። ሰውዬውን እዚያው አገኘናቸው፤ ከስተዋል፣ ያስላሉ።

«አያ፣ ምነው ጠፉብን?» አለቻቸው።

«ኪኒኑን ጠልቼው አይደለም ልጄ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚመጣ። እናንተ በጠዋት በውሃ ዋጥ ትሉኛላችሁ። ውሃ ከአፌ ከገባ ጾሜን ገደፍሁ ማለት አይደል? ታዲያ ምን ብዬ ልጠመቅ?»

ዶክተሯ ግንባሯን ያዘች። እኛ ስብሰባ ተቀምጠን ስለ እምነትና ስለ ሳይንስ ስንሟገት፣ ነገሩ የሰዓት ኖሯል! እስከዚያ ቀን ድረስ ማንኛችንም ሄደን አልጠየቅናቸውም።

ተራዋ ሲደርስ የሚያጠምቁትን አባ «አባቴ፣ ተጠምቀው ሲያበቁ ኪኒኑን በዚሁ በጸበሉ ቢውጡትስ?» አለቻቸው።

አባ «ላስብበት» ብለው ሸኙን። አያም «ከተጠመቅሁም በኋላ ጾሙ አልተፈታም፤ አባ ካልፈቀዱ አልውጥም» አሉ፤ በቃ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ተመላለሰች። አልተከራከረችም፣ «ይሞታሉ» ብላ አላስፈራራችም። አባ ኪኒኑ ከምን እንደሚሠራ ይጠይቋታል፣ ለምን ወራት እንደሚፈጅ ይጠይቋታል፣ ቁጭ ብላ ትመልሳለች። የማታውቀውን «አላውቀውም፤ አጣርቼ እመጣለሁ» ትላለች፤ አጣርታም ትመጣለች። እኔ ብሆን ገና በማግሥቱ ተጣልቼ እመለስ ነበር። የአያ ሳል ደግሞ እየባሰ ሄደ። ትዕግሥቷ ገረመኝ፣ አስቀናኝም።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ሰልፉ ውስጥ ቆመናል። አባ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

«ስሙኝ ልጆቼ!» አሉ። «የሳንባ ኪኒን የታዘዘላችሁ ሁሉ፣ ተጠምቃችሁ ስትወጡ በጸበሉ ዋጡ። ጾም አይሻርባችሁም፤ እኔ አለሁበት። ኪኒኑን ሳይዝ የመጣ ሰው ግን ከነገ ወዲያ እዚህ እንዳላየው!»

ስሟን አልጠሩም፤ ከማን እንደሰሙትም አልተናገሩም። ሕዝቡ «እሺ አባታችን» አለ። እኔ ተናደድኩ፤ ምናለ «ዶክተሯ እንዳለችው» ቢሉ! ዞሬ ሳያት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትስቃለች።

«ሰማሻቸው ሲስተር? የራሳቸው አደረጉት እኮ! በቃ፣ አሁን እኔ ባልመጣም ይውጣሉ።»

አያ ውሃው ከራሳቸው እየተንጠባጠበ ወጡ። ማንም ሳይነግራቸው መጥተው እጃቸውን ዘረጉላት። በየቀኑ ይዛው የምትመጣውን ኪኒን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው፤ እኔ ጸበሉን በጣሳ ቀድቼ አቀበልኳቸው። አማትበው ዋጡት።