ኮሶዬ ላይ የተዘረጋው ቱቦ

በደርግ ጊዜ እንጀራዬ መኪና መቁጠር ነበር። ጎንደር ውስጥ ይህን ስናገር «ደመወዝ እየተከፈለህ?» የማይለኝ አልነበረም። እውነቱን ካወጣሁ ግን የሚቆጥረው ቱቦው ነው፤ እኔ ቱቦውን እጠብቃለሁ። ከኮሶዬ አለፍ ብሎ፣ መንገዱ ጠቦ ወደ ጎንደር ቁልቁል በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጥቁር የጎማ ቱቦ ጠጠሩን አቋርጦ ተዘርግቷል። ጎማ ሲረግጠው አየሩ ተገፍቶ ዳር ወዳለው የብረት ሣጥን ይገባል፤ ሣጥኑም «ጠቅ» ይላል። በየትኛው ሰዓት ስንት መኪና እንደሚያልፍ ከታወቀ ለሚወጣውና ለሚወርደው የተለያየ ሰዓት ይመደባል፤ እጥፋቱ ላይ ተፋጠው «አንተ ወደ ኋላ በል» ሲባባሉ የሚውሉት ሾፌሮችም ያርፋሉ ተብሎ ነው። ገበሬው ግን «መንግሥት ጆሮውን መንገድ ላይ ዘርግቶ ተኛ» አለ። አህዮቹ ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር የሚሻገሩት።

ቱቦውን ያልፈራች አንዲት ሴት ናት፤ ከሣጥኑ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጥ። ቤቷ ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። ሾፌር ባሏ ለጦሩ እህል አድርስ ተብሎ ከነመኪናው ወደ ሰሜን ሄዷል። አብረውት የሄዱት ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። ተመላሾቹም እንዳትጠይቃቸው ሻይ ቤቷ ጋ ሲደርሱ ነዳጅ መርገጥ አመጡ።

አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሯት መጡ። ሻይ ቤቷ በር ላይ አስቆመቻቸው።

«ምነው አያ፣ በጠዋቱ? ማኪናው ሳይመጣ መርዶ አልሰማም።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ...»

«ሲመጣ አውቀዋለሁ አልኩ።»

እንዴት እንደምታውቀው ለእኔ ነገረችኝ። የሌላው ሰው ተሳቢ ከፊትም ከኋላም ጎማ ስላለው፣ መኪናው ተሳቢውን ጎትቶ ሲያልፍ ሣጥኑ አራት ጊዜ ጠቅ ይላል። የባሏ ተሳቢ ጎንደር ውስጥ የተበየደ ነው፤ ጎማው መሃል ላይ ብቻ። ሁለቱ ተከታትለው፣ ሦስተኛው ዘግይቶ፣ እንደ አንካሳ በቅሎ።

«ሲሄድ ሰምቼዋለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ... ጠቅ።»

«እታለም፣ ይህ ሣጥን እኮ ሾፌር አይለይም።»

«ሾፌሩን ማን ጠየቀው? ማኪናውን ነው የጠየቅሁት።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጉም ወረደ። ሻዬን ለመጠጣት አፌን በዳበሳ ነው ያገኘሁት። ድንገት ሣጥኑ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ዝም አለ። ጠቅ። የሞተር ድምፅ የለም። ፀጉሬ ቆመ፤ ያኔ ፀጉር ነበረኝ። የያዘችው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«መጣ ወይስ ሄደ?»

ሣጥኑ ይህን አያውቅም። የረገጠውን ይቆጥራል እንጂ ወዴት እንዳለ አይናገርም። እሷ ግን ደረሰችበት።

«ያለ ሞተር ዳገት አይወጣም! እሱ ናፍጣ ለመቆጠብ ሁልጊዜ ከዚህ አጥፍቶ ነው የሚወርደው። ቤቱ ገብቷል!»

ያገኘነውን የጭነት መኪና አስቁመን ተሳፈርንና ወደ ጎንደር ወረድን። ከኮሶዬ በታች ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ነበር፤ ገደሉንም ቦዩንም አይኔ እስኪፈስ አየሁ፤ ምንም የለም። የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ገመዱ እንደተወጠረ ነው። ዘበኛው «ከምሳ ወዲህ እናንተ የመጀመሪያ ናችሁ» አለን። ቁስቋም ቤታቸው ስንደርስ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ላይ ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዲትም አልተረገጠች።

ሣሩን ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

«በእኔ በኩል አልፏል» አለች። «ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ፤ አሁን እሰማቸዋለሁ።»

ያ ሦስት ጠቅታ ሣጥኑ ላይ ከመኪና ተቆጥሮ ቀረ። የሰዓቱ ድልድል ሲወጣ እሱም ተደምሮ ከሰዓት በኋላው ለሚወርዱ ተለቀቀ። ዛሬ ድልድሉም ቱቦውም የለም፤ መንገዱም ሰፍቷል። እኔ ግን ያን ዳገት የምወጣው ጠዋት ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ የሱ ተራ ነው፤ መንገድ አልዘጋበትም።