አቶ ክንፈ ያልቀበሯት ልጅ

አቶ ክንፈ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች የገበሬ መንደር የቅሬ፣ የእድር ማለት ነው፣ ዳኛ ነበሩ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉ፣ መቃብር ቆፋሪ የሚያሰማሩ፣ ከቀብር የቀረውን የሚቀጡ እሳቸው ናቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቅሬው አንድ ስለሆነ አፈር ያላለበሱት ሰው የለም።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መግቢያ ላይ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሸጋዬ ልጅ ሄለን ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ ሞተች። እናትየው ሌላ ነገር አልጠየቁም።

«የአገሯን አፈር ትልበስልኝ» አሉ።

አስከሬን የሚያስመጣው ወኪል ዋጋውን በዶላር ተናገረ። አቶ ክንፈ የቅሬውን ተቀማጭ አራገፉ፣ ሸጋዬ አንዱን በሬ ሸጡ፣ ነጋዴው አሕመድኑር የጎደለውን ሞላ። ብሩ ሲሟላ ግን ባንኩ በአካባቢው የጸጥታ ችግር ምክንያት ተዘግቶ ነበር። የተከፈተው ሰኞ፣ ሐምሌ ሃያ ሁለት ቀን ነው።

ወረፋ ይዘው ሳለ ከአንዱ ስልክ ዜና ተሰማ። መንግሥት ዓለም አቀፍ የገንዘብ ተቋማት ሲጠይቁት የቆዩትን ማሻሻያ መቀበሉን በይፋ አስታወቀ፤ ከእንግዲህ የዶላርን ዋጋ የሚወስነው ገበያው ነው። አቶ ክንፈ ነገሩ እሳቸውን የሚነካ አልመሰላቸውም። ብሩን ልከው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ወኪሉ ደወለ።

«አባቴ፣ የላኩት አይበቃም። ዶላሩ ጨምሯል።»

«ልጅቱ ያችው ናት። እሷ ላይ ምን ተጨመረ?»

«እኔ አይደለሁም የጨመርኩት፣ አባቴ።»

በየቤቱ ዞረው ደግመው ለመኑ። ክረምት ነው፤ የሰው ጎተራ ባዶ ነው። ያገኙትን ሲጨምሩበት ዋጋው እንደገና ከፍ ብሎ ጠበቃቸው። በመጨረሻ ሆስፒታሉ ከዚህ በላይ አላቆይም አለ፤ ሄለን እዚያው ተቀበረች። ወኪሉ በላከው የመቃብሯ ፎቶ ላይ የሚታየው አሸዋና ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ነው።

አቶ ክንፈ ወኪሉ የመለሰውን ብር ይዘው ሸጋዬ ዘንድ ሄዱ።

«በሬዎን ይተኩበት።»

«በዚህ አሁን ወይፈንም አይገኝ» አሉ ሸጋዬ፤ ብሩንም አልነኩትም።

ጥቅምት ላይ ከወረዳ የመጣ ኃላፊ ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ ማሻሻያው አስረዳ። «ልጅ ውጭ ያለው ቤተሰብ ተጠቃሚ ነው። የሚላክለት ብር በዝቶለታል» አለ። ሸጋዬ ከፊት ተቀምጠዋል። አቶ ክንፈ ብድግ አሉ።

«ልጇ እዚያ የሞተችባትስ?»

«አስተያየቱን ይዘነዋል። ቀጣይ ጠያቂ?»

በዚያው ሳምንት ዳኝነቱን አስረከቡ። አሕመድኑር ቤታቸው ድረስ መጥቶ ለመናቸው።

«አብሽር፣ ጋሼ ክንፈ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን አልቀበርኳትም።»

ዛሬም ቀብር አይቀሩም፤ እንደማንኛውም ሰው አካፋ ይይዛሉ። ሸጋዬን ከሩቅ ሲያዩ ግን በሌላ መንገድ ይዞራሉ።