የምርምር ተቋሙ አድማጭ

«ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው?» ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ «ታዳምጣለች» እላለሁ፤ ይስቃሉ። «የታደልክ! የምታዳምጥ ሚስት ከየት አገኘህ?» ይሉኛል ወንበሬ ላይ የተቀመጡት። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ምላጭ አንገታቸው ላይ ስለያዝኩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ይሰሙኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ የምርምር ተቋም አለ። አንደኛው ፎቅ ላይ ሕግ ያጠናሉ፤ ከሱ በላይ ሥነ ጽሑፍ፤ ከሱ በላይ የአየር ንብረት፤ ጣሪያው ሥር የቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ። ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ብርሃንን የሚመረምሩት አሉ። ብርሃን ለማጥናት ጨለማ ውስጥ መቀመጣቸው እስካሁን ይገርመኛል። ተቋሙን የመሠረቱት ሴትዮ ግትር ነበሩ አሉ፤ ሲሞቱ አንድ የማይሻር ደንብ ትተው ሄዱ። ማንኛውም ተመራማሪ አዲስ ጥናት ከመጀመሩ በፊት ሙያውን ለማያውቅ አንድ የተቋሙ ሠራተኛ በቃል ያስረዳል። ሠራተኛው ደግሞ የተመራማሪዎቹ ጉባኤ ፊት ቆሞ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገራል። መናገር ካቃተው ጥናቱ አይፈቀድም። ያቺ ሠራተኛ እንግዲህ የኔዋ ጉድ ናት።

ድሮ የተቋሙ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ስልኩ ራሱን በራሱ ማገናኘት ሲጀምር ጠረጴዛዋ ታጠፈ። በዚያው ሰሞን የቀድሞው አድማጭ፣ አትክልተኛው፣ ጡረታ ወጡ። «ሌላ ሰው እስክናገኝ አንቺ ያዢልን» አሏት። ይኸው ፀጉሬ ሸበተ፣ ሌላ ሰው አልተገኘም። እውነቱን ለመናገር የፈለገም የለም።

አዳማመጧ የስልክ ቤት ልማድ ነው። ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ የሚናገረውን ሰው አታየውም። ፊት ያሳስታል ባይ ናት። ሰው ያላወቀውን ሲያወራ ፊቱ ይኮራል፣ ድምፁ ግን ይቸኩላል ትላለች። ወረቀት አትይዝም፤ ደንቡም አይፈቅድላትም። ሰምታ እንደጨረሰች መንገዱን ተሻግራ ትመጣና እኔና ደንበኞቼ ላይ ትለማመዳለች።

እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተባለውን ሁሉ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ወንዝ መንገዱን ሲቀይር ድንበሩ አብሮት ይሄዳል ወይስ አሮጌው አሸዋ ላይ ይቀራል የሚለውን የሕግ ክርክር ያወራችልን ቀን፣ ሁለት ደንበኞቼ ጢማቸው በግማሽ እንደተላጨ ተጣሉ። የሥነ ጽሑፏ ተመራማሪ፣ እናቶች ልጅ ሲያስተኙ ከሚያንጎራጉሩት ስንኝ ስንቱ ለልጁ ሳይሆን ከግድግዳው ማዶ ላለችው አማት የተወረወረ እንደሆነ አግኝታ ነበር። ይህን ስትነግረን አንድ ሽማግሌ «አሃ!» ብለው ከወንበሩ ተነሡ፤ የሚስታቸው እሹሩሩ ገና ያን ቀን ገባቸው። የታሪኩ ሰው ደግሞ የባዕድ ገዢዎች ካርታ ላይ በማስመሪያ ስላሰመሩት መስመር ነገራት። መስመሩ የአንድ ቤተሰብ ግቢ መሀል አልፎ ማድ ቤቱን አንድ አገር፣ መኝታ ቤቱን ሌላ አገር አደረገው። ያን ቀን ሳትጨርሰው አለቀሰች። እኔም መስተዋት የማጸዳ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጭንቅላት እንዴት ትይዘዋለች? አብሬያት በልቼ አብሬያት እየኖርኩ እሷን ማየት አልጠገብኩም። አንዳንዴ ድስት ስታጥብ ቆሜ አያታለሁ። «ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ፣ ይልቅ ዕቃውን አድርቅ» ትለኛለች።

አንድ ጊዜ ግን ተሳስታለች፤ ስህተቷም አድማጭ ብቻ የሚሳሳተው ዓይነት ነበር። አንድ የአየር ንብረት ተመራማሪ፣ ደግ ሰው ነው፣ የተወሰነ ተራራ ጫፍ ላይ ዛፍ ቢተከል ያለፈ ያገደመውን ደመና ይይዘውና ዝናብ ያወርደዋል ብሎ ያስረዳታል። ሲያስረዳ መሀል ላይ ይንተባተባል። የጎደለ ነገር እንዳለ በድምፁ አውቃዋለች፤ ግን አንጀቷን በላው። ጉባኤው ፊት ስትቆም የጎደለውን ከራሷ ሞላችለት። «ደመና ሸክም የከበደው መንገደኛ ነው፤ ጥላ ያገኘበት ቦታ ያወርደዋል» አለች። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ጥናቱ ተፈቀደ። የተራራው ሥር ገበሬዎች ጫፉ ላይ ካለቻቸው ማሳ ቆርሰው ችግኝ ተከሉ። ዝናቡ እንደወትሮው አልፏቸው ሄደ። በኋላ ተመራማሪው ራሱ መጥቶ «እትዬ፣ እርስዎ ሲናገሩት ስሰማ እኔም አመንኩት» አላት።

ከዚያ ወዲህ ማሳመር የሚባል ነገር አስጠላት። «ከነገሩኝ በላይ ያሳመርኩ ቀን ምላሴን ይቁረጠው» ብላ ማለች። ገበሬዎቹን ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ምን እንዳሏት ግን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ባለፈው ዓመት ብርሃን የምትመረምረው ልጅ መጣች። ቀጭን ናት፣ ችኩል ናት፣ ጥፍሯን በልታ ጨርሳዋለች። የምድር ቤቱን ጨለማ ክፍል በውሰት ነው የያዘችው። ጥናቷ ካልተፈቀደ ክፍሉ ለሌላ ይሰጣል፤ እሷም ወደመጣችበት ትምህርት ቤት ተመልሳ ልጆች ታስተምራለች፤ ሁለተኛ ዕድል የላትም። ማስተማር ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጅቷ ግን ስለዚያ ክፍል ስታወራ ልቧ እዚያ እንደቀረ ያስታውቃል።

ብርሃን ብናኝ ብናኝ ሆኖ ነው የሚመጣው አለቻት። ሚስቴ ይህን በቀላሉ ተቀበለች። መብራቱን አድክመው አድክመው ብናኟ ብቻዋን፣ አንድ በአንድ እንድትመጣ ያደርጓታል። ፊት ለፊቷ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቅ ያለው ስስ ቆርቆሮ አለ። አልፋ ከማዶ ስታርፍ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነጥብ ትወጣለች። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ፤ ቀጣይዋ የት እንደምታርፍ ማንም አያውቅም። ብዙ ሲጠራቀም ግን ነጥቦቹ ሰልፍ ይዘው ይገኛሉ፤ አንድ ብሩህ መስመር፣ አንድ ጨለማ መስመር፣ እንደገና ብሩህ። አንዱን ስንጥቅ ከደፈኑት ሰልፉ የለም። ብናኟ በየትኛው እንዳለፈች አጮልቀው ካዩም ሰልፉ ይጠፋል። ልጅቷ ማጥናት የፈለገችው ምን ያህል ትንሽ ብናጮልቅ ሰልፉ መደብዘዝ እንደሚጀምር ነው።

ሚስቴ ያን ቀን ሱቅ ስትገባ ፊቷ ሌላ ነበር።

«አየሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ብቻዋን እኮ ነው የምትመጣው፣ አንተ ሰውዬ! ቀድማት ያለፈችው የለችም፣ የምትከተላት ገና አልተነሣችም። ታዲያ ሌላኛው በር ክፍት መሆኑን ማን ነገራት?»

መቀሴ አየር ላይ ቀረ። ደንበኛዬም ፎጣውን እንደለበሰ ዞሮ አፉን ከፈተ። እኔ በሕይወቴ ስለ ብርሃን ያሰብኩት አምፖል ሲቃጠል ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን በበሩ ገብቶ ወለሉ ላይ የተኛውን ፀሐይ፣ የተቆረጠ ፀጉር የተበተነበትን፣ አየሁትና ሰውነቴን ነዘረኝ። ሳላውቀው እንዳልረግጠው ዞሬ አለፍኩ።

ደንቡ ሦስት ጊዜ ብቻ ማስረዳት ይፈቅዳል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አለቀ፤ ሚስቴ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ እንደተገተረች ናት። ምግብ አስጠላት። እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና አንድ ምሳሌ ፈጠርኩላት። «ወሬ በያቸው» አልኳት። «ወሬ ከአንድ አፍ ይወጣል፣ በላይ ሰፈርም በታች ሰፈርም ይዞራል፣ መጨረሻ እኔ ሱቅ ሲደርስ ግን አንድ ሰው አፍ ላይ ነው የሚገኘው። ሁለቱ ሰፈር አንድ ዓይነት ያወሩበት ቦታ ይደምቃል፤ የተቃረኑበት ቦታ ይሞታል። ይኸው ብሩህና ጨለማ!» ደንበኞቼ አጨበጨቡልኝ። ፕሮፌሰር ነህ አሉኝ፤ እኔም ለጥቂት ቀን ሆንኩ።

ሚስቴ ልጅቷን ሱቅ ድረስ ጠርታ አሰማቻት። ልጅቷ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ጥፍሯን ነከሰች።

«ጋሼ፣ በጣም ያምራል። ግን ወሬን የሚያዞሩት ብዙ ሰዎች ናቸው። ይህችኛዋ ብቻዋን ናት። እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?» አልኳት፣ ትንሽ ተናድጄ።

«አላውቅም» አለች፤ ቀስ ብላ።

ሚስቴ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ተቆጣኋት። «እንግዲህ የኔን ምሳሌ ተናገሪና ልጅቷን አሳልፊያት! ማን ያውቅብሻል?» አልኳት። መጥረጊያውን አንሥታ የተበተነውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች።

በጉባኤው ቀን ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ቤተሰብ ከኋላ መቀመጥ ይፈቀድለታል። ልጅቷ ፊት ለፊት ነበረች፤ ፊቷ ላይ ደም የለም። ሚስቴ ተነሥታ ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች። ስለ ብናኟ፣ ስለ ስንጥቆቹ፣ ስለ ነጥቦቹ ስትናገር አንድ ወንበር እንኳ አልተንቀጫቀጨም። ሰልፉ ላይ ደርሳ ዝም አለች። እኔ ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ ብቻ «ወሬ! ወሬ!» እላለሁ፣ ቡጢዬን ጨብጬ።

ዓይኗን ገለጠች።

«እስከዚህ ድረስ የሰማሁትንም ያየሁትንም ነግሬያችኋለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለው አልገባኝም። ብቻዋን ሆና ሁለቱን በር እንዴት እንዳወቀች ልጅቷን ደጋግሜ ጠየቅኳት። ሒሳብ አሳየችኝ። ሒሳቡ የትኛው ቦታ እንደሚደምቅ ይናገራል፣ እንዴት እንደሆነ ግን አይነግረንም አለችኝ። አላውቅም ስትለኝ ድምፅዋ አልቸኮለም። ማሳመር እችል ነበር፤ ባለቤቴ ጥሩ ምሳሌ ሰጥቶኛል።» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ግን ያማረ ነገር ተናግሬ ሰው ጎድቻለሁ። ደንቡ መልሰሽ ተናገሪ ይላል። እኔ መጨረስ አልቻልኩም። በደንቡ ከሆነ ልጅቷ ወድቃለች።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። የጉባኤው ሰብሳቢ፣ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ፤ ደስ እያላቸው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ያኔ ከጥግ አንድ አዛውንት የፊዚክስ ሊቅ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። የምድር ቤቱን ክፍል ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው።

«ይህን ሰልፍ መጀመሪያ ያየሁት ጎረምሳ ሳለሁ ነው» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ አስተማርኩት። ሒሳቡን በእንቅልፍ ልቤ እሠራዋለሁ።» ወደ ሚስቴ ጠቆሙ። «እሳቸው የቆሙበት ቦታ አለ አይደል? እኔም የቆምኩት እዚያው ነው። አንዲት ጋት አላለፍኩም። አልጨረሱም አትበሏቸው። ያለው ይኸው ነው፣ ሁሉንም ነግረውናል።»

ማንም አላጨበጨበም። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ዙሪያውን በዓይናቸው ጠየቁ፤ እጆች አንድ በአንድ ወጡ፣ በመጨረሻ የሳቸውም። ተፈቀደ። እኔ እጄን አፌ ላይ እንደጫንኩ ቀርቻለሁ። ዕንባዬ ይወርዳል፤ ለልጅቷ ይሁን፣ ለሚስቴ ይሁን፣ ማንም ሳያውቃት ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ለምታልፈው ለዚያች ብናኝ ይሁን፣ አላውቅም።

ልጅቷ መጥታ ሚስቴ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሚስቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

«ያወቅሽው ቀን ቀድመሽ ለኔ ትነግሪኛለሽ» አለቻት።

«እትዬ፣ ላላውቀው እችላለሁ እኮ።»

«እሱንም ቢሆን ንገሪኝ።»