ስንቅ የማይሻገርበት ደሴት

የእህቴ ጓደኛ ማምፒንጋ ስትደውል ከጎመኑ ላይ ትል እየለቀምኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ስልኩን አነሳሁ። «እትዬ ኖቤሱቱ፣ ተቀምጠዋል?» አለችኝ። ቆሜ ነበር፤ ተቀምጫለሁ አልኳት። ታናሽ እህቴ ፑሜዛ ጎህ ሲቀድ ደርባን ሆስፒታል ውስጥ ማረፏን ነገረችኝ። ስታርፍ እጇን ይዛ የነበረችው እሷ ራሷ መሆኗን አልነገረችኝም፤ ከድምጿ ግን ገባኝ። ስልኩን ዘግቼ የቀረውን ትል ለቀምኩ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጥኩት። ከኔ በፊት ማምፒንጋ አወቀች እያልኩ አስብ ነበር።

ፑሜዛ ገና ልጅ ሳለች ከሉሲኪሲኪ ወደ ደርባን ሄዳ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ አንጣፊ ሆነች። እስክትታመም ድረስ ሌላ ሥራ አልሠራችም። ከባድ ፍራሽ በአንድ እጇ እያነሳች አንሶላ ስትሸጉጥ ኖራ ግራ ዳሌዋ ተበላሸ። እዚህ ስትመጣ እንኳ እኔ ያነጠፍኩትን አልጋ እንደገና ሳታነጥፍ አትተኛም ነበር። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ሞቃት ደሴት ላይ፣ ሌላ ሰው ባነጠፈላት አልጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ማደር። ባሕርማ ደርባንም አለ እላት ነበር።

«እትዬ፣ ደርባን ላይ ባሕሩን የማየው የሰው መጋረጃ ስከፍት ነው» ትለኛለች።

ለዳሌዋ ቅባት የምሠራላት እኔ ነበርኩ። ካናቢስን እኛ ኢንትሳንጉ እንለዋለን። በግቢዬ ከዱባው ጀርባ ጥቂት እግር አይጠፋም፤ ለራሱ የተከለውን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ቅጠሉን ከበግ ጮማ ጋር በዝግታ አቀልጥና አጥልዬ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ እሞላዋለሁ። በመጣች ቁጥር ምድጃው አጠገብ አስተኛትና አሻታለሁ። አመመሽ ስላት አላመመኝም ትላለች። ስትመለስ ቆርቆሮውን ይዛ ነው። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን አቋርጣ የኔን ቅባት አላቋረጠችም። ይህን የምለው ለመኩራት ነው።

ማምፒንጋ በዚያው ሆቴል የልብስ ማጠቢያው ክፍል ትሠራለች። ድምጿ ትልቅ፣ እጇም ትልቅ ነው። የጉዞ ዕቁቡን ያቋቋመችው እሷ ናት። ዕጣ የለውም፤ በየወሩ የሚዋጣው ባንክ ይገባል፣ የሚወጣውም ለጉዞ ብቻ ነው። ዛንዚባርን የመረጡት እሷና ፑሜዛ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ፑሜዛ ስትደውልልኝ ወሬዋ ሁሉ ማምፒንጋ ሆነ። ማምፒንጋ የአውሮፕላኑ ዋጋ በዝናብ ወራት ይረክሳል አለች። ማምፒንጋ ቁርስ ከአልጋው ጋር ይታሰብልናል፣ ምሳ ከገበያ እንበላለን አለች። ፑሜዛ ታክሲ ትታ በእግሯ ሥራ መሄድ ጀመረች፤ ዓርብ ዓርብም የዶሮ እግር ቀቅላ ለጎረቤት ሸጠች። በዚያ ዳሌ። ለእናታችን ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ አዋጪ ስላት ዝም ያለችኝ ልጅ።

አብረሽን ነይ ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ እምቢ እል ነበር። ቢሆንም አላለችኝም።

ከጉዞው በጀት ውስጥ የፑሜዛ የራሷ ሐሳብ የሆነው አንድ ወጪ ብቻ ነው፤ አልጋውን ለምታነጥፈው ሴት ትራስ ሥር የሚቀመጥላት ገንዘብ። ከዕቁብተኞቹ አንዷ ይሄማ የሀብታም ወጪ ነው አለቻት። ፑሜዛ ከሰው ጋር አትሟገትም፤ ያን ቀን ግን ያለዚያ አልሄድም ብላ ተቀመጠች። ማምፒንጋም አስገባችላት።

ከመሄዷ በፊት ልትሰናበተኝ መጣች። ከቤታችን ስንቅ ሳይዝ የሚወጣ መንገደኛ የለም። የምትቋጥረው ታላቅ ናት፤ መንገደኛው ምን አለበት ብሎ አይጠይቅም፣ መንገድ ላይ የመጀመሪያ ምግቡን እስኪበላም ቋጠሮውን አይፈታም። ዶሮ ጠበስኩ፣ ዳቦ በእንፋሎት አበሰልኩ፣ ከዳቦው ሥር ቅባቱን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ዳሌዋን ለሚያማት መንገደኛ ከዚህ የሚቀድም ስንቅ አላውቅም። ስለ ደሴቱ ሕግ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማምፒንጋ ለዕቁብተኞቿ የኢንትሳንጉ ቅጠልም፣ ዘይትም፣ ቅባትም እንዳትይዙ፣ እዚያ በትንሹም ያሳስራል ብላ ተናግራ ነበር። ፑሜዛ ይህን አልነገረችኝም። ስንቅ ስትቋጥር ለቆየች ታላቅ እህት ይህን አትቋጥሪ አይባልም። ተቀብላኝ፣ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሆነውን ራሷ ናት በኋላ እየሳቀች የነገረችኝ። ሻንጣ ከማስረከባቸው በፊት አምስቱም ዕቁብተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ስንቁ ተፈታ። ማምፒንጋ ዳቦውን ስታነሳ ቆርቆሮው ብቅ አለ። ከፍታ አሸተተችና ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስንቅ ነው።»

«ዶሮው ስንቅ ነው። ይሄ ፍርድ ቤት ነው።»

«የእትዬ እጅ ያረፈበትን አልጥልም።»

«እንግዲያው እትዬሽ ዛንዚባር ድረስ ስንቅ ታመላልስልሻለች። የእስር ቤቱን በር ታሳያታለሽ።»

ሌሎቹ ሳቁ። ፑሜዛ ግን አልሳቀችም። ስንቅ አይጣልም፤ ወይ ይበላል ወይ ለሰው ይሰጣል። ቆርቆሮውን ይዛ መጸዳጃ ቤት ገባች። ቅባቱን ሰውነቴ ላይ ከጨረስኩት ምን ይሉኛል ብላ ነው። ማምፒንጋ ተከትላት ስትገባ ከወገቧ እስከ ጉልበቷ ተለቅልቃ አገኘቻት።

«አሁን ደግሞ ቆርቆሮውን ትተው አንቺን ይይዙሻል» አለቻት።

በእጅ መታጠቢያው ሳሙና፣ ሴቱ ሁሉ እየገባ እየወጣ፣ ማምፒንጋ አጠበቻት። የለበሰችው ቀሚስ ስለሸተተ ከሻንጣዋ ሌላ አወጣችላት። ወለሉን የምትወለውለው ሴት የቢዛና ሰው፣ የአገራችን ልጅ ነበረች። ቀሚሱንና የተረፈውን ቅባት ከቤት የመጣ ነው ብለው ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀበለች። ስማቸው በድምጽ ማጉያ ሲጠራ ማምፒንጋ የፑሜዛን ቀሚስ ቁልፍ እየቆለፈች ነበር። ፑሜዛ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ልጅ ሆና ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ። አሁን ሌላ ሰው አጠባት፣ ያውም የኔን ቅባት ከላይዋ ለማስለቀቅ።

ደሴቱ ላይ መጀመሪያ አልተኛችም። አልጋው ነጭ ነበር፣ ጥጋጥጉ በደንብ የተሸጎጠ፣ «እኔ ራሴ ካነጠፍኩት አይተናነስም» አለችኝ። እሷ ግን ዳሌዋ አላስተኛ ብሏት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታየው አደረች። በማግሥቱም እንደዚያው። ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ፊቷ ተነጥፎ፣ እሷ ልትነካው አልቻለችም። ማምፒንጋ ለጀልባ ሽርሽር የያዘችውን የራሷን ድርሻ ይዛ ገበያ ወጣችና የቅርንፉድ ዘይት ገዛችበት። ሌሎቹ ጀልባ ሲሳፈሩ እሷ ክፍሉ ውስጥ ቀርታ ፑሜዛን አሸቻት። ሲመሽም ደገመቻት። ፑሜዛ እስኪነጋ ተኛች። ስትነሳ ገንዘቡን ትራሱ ሥር አስቀምጣ፣ አልጋውን እንደተዝረከረከ ትታው ወጣች። ከተኛችበት ተነስታ ሳታነጥፍ የወጣችው አልጋ እሱ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ።

ወደኔ ስትመጣ ቅርንፉድ ትሸታለች። አዲስ ቅባት አቅልጬ ጠብቄያት ነበር። «አመሰግናለሁ እትዬ፣ እዚያ አስቀምጪልኝ» አለች። እዚያ ማለት ቁም ሳጥኑ ላይ ነው።

ሕመሙ የዳሌ ብቻ አለመሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አጥንቷን ሁሉ ይዞ ነበር። ሐኪም ጋ ካልሄድሽ ብላ የጎተተቻት ማምፒንጋ ናት። እኔ ቅባት እልክ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ እኛ ሴቶች ለሐዘን ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥን፣ ማምፒንጋ ገባች። ሌሎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። እኔ አልተነቃነቅኩም፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ሰጧት። ሰው ሲቀንስ ሲያንገበግበኝ የከረመውን ጠየቅኳት። ፑሜዛ ደሴቱ ላይ ስለኔ ያለችው ነገር ነበር ወይ አልኳት።

«ነበር» አለች። «ስታለቅስ ‹እትዬ እንዳትሰማ› አለችኝ።»

«ታለቅስ ነበር?»

«ዳሌዋን በነካኋት ቁጥር። እርስዎ ሲያሿት አታለቅስም ነበር?»

እኔ ዘንድ አንድም ቀን አላለቀሰችም። ሁልጊዜ አላመመኝም ነው የምትለኝ።

«ታለቅስ ነበር እንጂ» አልኳት።

ማምፒንጋ ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ሻይዋ መለሰች።

ልትሄድ ስትል የዕቁቡን ነገር አነሳች። ለሁለተኛ ጉዞ ማዋጣት ጀምረዋል፣ ወደ ሞሪሸስ። ፑሜዛ ሆስፒታል ተኝታም አዋጥታለች። በደንባቸው የሞተች አባል ቦታ የቤተሰቧ ነው፤ ከፈለጉ ገንዘቡን ያወጣሉ፣ ከፈለጉ አንድ ሰው በቦታዋ ይሄዳል።

«አብረውን ይሂዱ» አለችኝ። «ክፍሉ ከኔ ጋር ነው። አንኮራፋለሁ፤ ፑሜዛ ለምዳኝ ነበር።»

ፑሜዛ ያልጠየቀችኝን ማምፒንጋ ጠየቀችኝ። አስብበታለሁ ብዬ እስከ በሩ ሸኘኋት።

ያ ከሆነ ክረምቱ አልፏል። ገንዘቡን ስጡኝ አላልኩም፣ ፓስፖርትም አላወጣሁም። ለማምፒንጋ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።