ለነሐሱ ሰውዬ የታሰረ ማተብ

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማተቡ በታሰረበት ቀን፣ ሽቫንሃይም ሰፈር በምናጸዳው ቤት የነበርነው እኔ፣ ጓደኛዬ ጽጌ፣ የቤቱ እመቤት ፍራው ሊንደ፣ እሱም ከተቆጠረ ደግሞ መደርደሪያው ላይ የቆመው የነሐስ ሰውዬ ነን። ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፍየል ነው፤ ቀንድ አለው፣ ዋሽንት ይነፋል። ባለፈው ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር፣ ፍሎማርክት የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ ከአሮጌ ሰሃኖች መሀል ቆሞ ሳየው ወዲያው አውቄው ቆምኩ። ልጄ በጀርመንኛ «ማማ፣ ኮም»፣ ነይ፣ እያለች ክንዴን ትጎትታለች።

ፍራው ሊንደ ቤት ስንሠራ እኔም ጽጌም ልጃገረዶች ነበርን። የጽጌ የመኖሪያ ፈቃድ የተንጠለጠለው በዚያ ሥራ ላይ ነው። ሥራው መጥረግና አቧራ ማንሳት፤ ምን ይከብዳል? እሷ ግን ሰውዬውን ባየች ቁጥር ታማትባለች። ፍራው ሊንደ በድሮ ግሪኮች ተረት የመንጋ አምላክ እንደነበረ፣ እሳቸውም ከአያታቸው እንደወረሱት በትዕግሥት አስረዱን። ጽጌ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «አየሽ፣ ሳይጠመቅ ነው ያረጀው» አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ነበር፤ ውጭው ገና ይበርዳል። ፍራው ሊንደ እንደ ወቅቱ ልማድ እንቁላል ያለበትን አረንጓዴ የቅጠል ማባያ ከድንች ጋር አቀረቡልን። ድንቹን ብቻ ስንበላ፣ እሳቸው ቀና ብለው ሰውዬውን አዩት። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ታስሯል። ፊታቸው ተለወጠ። አሁኑኑ ይፈታ፣ አለዚያ ያሰረችው ሌላ ሥራ ትፈልግ አሉ።

ወደ ጽጌ ዞሬ በአማርኛ ለመንኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ፍቺውና እንገላገል። ለፍየል ማተብ ማሰር የትኛው ክርስትና ነው?»

«እንዳያስፈራኝ ነው ያሰርኩለት። ካሰርኩ በኋላማ አልበጥስም።»

«ልትባረሪ ነው እኮ።»

«ልባረራ።»

ሽርጧን ወንበር ላይ ጥላ ወጣች።

ፍራው ሊንደ ከመሳቢያ መቀስ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። ጽጌን በሆዴ እየረገምኩ ክሩ ድረስ አስጠጋሁት፤ እጄ እምቢ አለ። ማተብ ነዋ። እኔን አዩኝ፣ ሰውዬውን አዩት፣ ከዚያ መቀሱን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ይኑር። ጥሪያት» አሉ።

ወደ ፌርማታው ሮጥኩ፤ ትራሙ ሄዷል። ያኔ የእጅ ስልክ የለን። በማግስቱ ማደሪያዋ ስደርስ ዕቃዋን ይዛ ወጥታለች። ሆኽስት ሰፈር አየናት ያሉ ነበሩ፤ እዚያም አጣኋት። የመኖሪያ ፈቃዷ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ሻጩን አስፈቅጄ የነሐሱን ሰውዬ አንገት ዳበስኩ። ክሩ ወይቧል፣ ግን አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ማንም አልቆረጠውም። እዚያው ቆሜ እንደ አዲስ ተናደድኩ፤ ያን ቀን የፍራው ሊንደ ደረጃ ላይ ትንሽ ብትቆይ፣ ማተቡም ሥራዋም ይኖሩላት ነበር።

ጽጌ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የምታውቋት ካላችሁ፣ የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።